ከፋብሪካው ደጅ ስለ ተፈለጉ ወጣቶች

ልጅ በሕፃንነቱ ያጠናውን ጸሎት በጐልማሳነቱ ስለ ምን ይተወዋል? ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጆችና ብዙ ካህናት እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ ያደርጉታል፤ ክፉ ባልንጀራ ገጠመው፥ ከተማ አበላሸው፥ ልቡ ደነደነ ይላሉ። ይህም አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ነገሩን ቀርቦ የመረመረ ሰው ልጁ በአንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ እንዳልሄደ ያውቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ አንድ እሑድ ደክሞት ይተኛል፤ በሁለተኛው እሑድ ሥራ ይዞት ይቀራል፤ በሦስተኛው እሑድ የሥራ ባልንጀሮቹ እንዳያፌዙበት ያፍራል፤ ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ማለፍን እንጂ መግባትን አይለምድም። ደወሉ እንደ ቀድሞው ይደወላል፤ ካህኑም እንደ ቀድሞው ይሰብካል። በመኪና ጩኸት መካከል ለቆመ ልጅ ግን የደወል ድምፅ አይሰማውም።

ይህን ነገር በሐሳብ ብቻ ከመናገር በአንድ ሰው ሥራ መመልከት ይሻላል። ሰውየው ዮሴፍ ካርዳይን የሚባሉ የቤልጂክ አገር ካህን ናቸው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቤልጂክ በስፋትዋ ትንሽ አገር ናት፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በድንጋይ ከሰል ጕድጓድ፥ በብረት ማቅለጫና በጨርቅ ፋብሪካ ከታላላቆቹ መንግሥታት ጋር የምትወዳደር ነበረች። ይህን ሁሉ ሀብት ከተሸከሙት ትከሻዎች ብዙዎቹ የልጆች ትከሻዎች ነበሩ። በ1889 የወጣው ሕግ ከ12 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በፋብሪካ እንዳይሠራ ከለከለ፤ ይህም በዚያ ጊዜ ለድኆች ልጆች እንደ ትልቅ ምሕረት ተቈጠረ። አንባቢ ሆይ፥ እስኪ አስተውል፤ 12 ዓመት የሞላው ልጅ ድምፁ ገና ያልጐረነነ፥ ሲጨልም እናቱን የሚፈልግ ብላቴና ነው። ልጅ ሁሉ እስከ 14 ዓመቱ እንዲማር የሚያስገድደው ሕግ የወጣው ገና በ1914 ነው።

እንግዲህ የሠራተኛ ልጅ የሚያድገው እንደዚህ ነበር። በቁምስናው ትምህርተ ክርስቶስን በቃሉ ያጠናል፤ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፥ ወላጆቹ ደስ ብሎአቸው እየተመለከቱት፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቈርባል። ጥቂት ወራት እንዳለፉ ደግሞ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ፋብሪካ ይገባል። በዚያ የሚቀበሉት በነውር ቃል የሚሳለቁ፥ ቄስ የባለጸጋ ወዳጅ ነው የሚሉ፥ ስለ ኑሮአቸውም የመረሩ ሰዎች ናቸው። ልጁ ያጠናው መልስ አለው፤ ነገር ግን ያ መልስ ለካህኑ ጥያቄ እንጂ ለነዚህ ሰዎች ጥያቄ የተሰናዳ አልነበረም። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እየቈየ መስማማት ይሆናል።

ዮሴፍ ካርዳይን በ1882 በብሩሴል አጠገብ በስካርቤክ ተወለደ። ያደገው ግን በሀለ ከተማ ነው፤ ይህች ከተማ በእመቤታችን ስም በተሠራው ቤተ ክርስቲያንዋ የታወቀች፥ ምእመናን ከሩቅ እየመጡ የሚሳለሙባት ናት። አባቱ ትንሽ የድንጋይ ከሰል ንግድ ነበረው፤ ቤተ ሰቡም በድካም የሚኖር ነበር። ዮሴፍ የመጀመሪያውን ትምህርት በፈጸመ ጊዜ እንደ ጓደኞቹ ወደ ፋብሪካ ሊገባ ተቈርጦ ነበር። አንድ ሌሊት ግን ወንድሞቹና እኅቶቹ ከተኙ በኋላ በባዶ እግሩ ወርዶ፥ እሳት ዳር ለተቀመጡት ለአባቱና ለእናቱ ካህን መሆን እንደሚፈልግና ትምህርቱን እንዲቀጥል እንዲፈቅዱለት ለመነ። ወላጆቹም እስከዚያ ቀን ከደከሙት አብልጠው ሊደክሙ ተስማምተው ፈቀዱለት።

የዘርአ ክህነት ተማሪ ከሆነ በኋላ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ አብረውት የተማሩት ልጆች ከፋብሪካ ሲወጡ ያገኛቸው ነበር። እነርሱም ከርሱ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ አንዳንዶቹም እንደ ጠላት ያዩታል። በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ፥ በአንድ ቀን የቈረቡ ልጆች ነበሩ። ይህ ነገር እንደ እሾህ ልቡን ወጋው፤ እስኪሸመግል ድረስም ይናገረው ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ይገባል። ሌላ ሰው ቢሆን እነዚህ ልጆች ከፉ ብሎ ያልፋቸው ነበር። እርሱ ግን የተለየ ነገር አየ። ልጆቹ ወደ ፋብሪካ የገቡት ብቻቸውን ነበር። የሃይማኖት ትምህርታቸው ያለቀው የሕይወታቸው ጭንቀት በጀመረበት ቀን ነው። ገበሬ ችግኝ ሲያፈላ ውሃ እያጠጣ፥ ጥላ እያበጀለት ቆይቶ፥ ወደ እርሻ ባዛወረው ቀን ፊቱን ቢያዞርበት፥ ችግኙ በደረቀ ጊዜ በምድሪቱ ላይ ሊቈጣ አይችልም። ሕፃናትን ማስተማር ደስ የሚያሰኝና የሚቀል ሥራ ነው፤ ሕፃን ያምናልና፥ የነገሩትንም ይደግማልና። ከ15 ዓመት እስከ 25 ዓመት ያለው ሰው ግን ይጠይቃል፤ ይጠራጠራል፤ አንዳንድ ጊዜም ይሳደባል። ብዙ ቁምስና ይህን ዕድሜ ተሻግሮ፥ ሰውየው ለጋብቻ ሲመጣ እንደ ገና የሚያገኘው ለዚህ ነው፤ ያውም ከመጣ።

በ1903 አባቱ በሥራ ደክሞ በሞተ ጊዜ፥ ዮሴፍ በአልጋው አጠገብ ሆኖ ዕድሜውን ሁሉ ለሠራተኞች መዳን ሊሰጥ ለራሱ ማለ።

በ1906 ክህነት ተቀበሉ፤ ከዚያም በሉቨን ስለ ሕዝብ ኑሮ ተማሩ፤ ጥቂት ዓመታትም አስተማሪ ሆነው ቈዩ፤ በ1911 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው የሠራተኞች ማኅበራት እንዴት እንደሚሠሩ ተመለከቱ። በ1912 የላከን ቁምስና ረዳት ካህን ሆነው ተሾሙ። ላከን ከብሩሴል በስተ ሰሜን ያለ ሰፈር ነው። የቤልጂክ ነገሥታት ቤተ መንግሥት በዚያ ነው፤ የነገሥታቱም መቃብር በዚያው በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ሳይርቅ ደግሞ በቦዩ አጠገብ ፋብሪካዎችና የሠራተኞች ጠባብ ቤቶች ነበሩ።

ለአባ ካርዳይን የተሰጣቸው ሥራ የቁምስናውን ሴቶችና ኮረዶች ማኅበር መጠበቅ ነበር። እሳቸውም ከስብከት አልጀመሩም፤ ከጥያቄ ጀመሩ። ልብስ መስፋት የሚለማመዱትን ልጃገረዶች በስንት ሰዓት ትነሣላችሁ፥ ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ፥ ምን ያህል ይከፈላችኋል፥ ሙያውን የሚያሳያችሁ ማን ነው፥ በምሳ ጊዜ የምትነጋገሩት ምንድር ነው እያሉ ጠየቁ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን እነዚያ ልጃገረዶች ስለ ሥራቸው ሊያውቅ የሚፈልግ ካህን ያዩት ምናልባት የዚያን ቀን ነበር። ጥያቄውንም እንዲመልሱ ብቻ ሳይሆን ሄደው እንዲመረምሩ አደረጉአቸው፤ እያንዳንድዋ በምትሠራበት ቤት ያለውን ነገር ተመልክታ፥ ባልንጀሮችዋን ጠይቃ፥ ለጉባኤው ትናገራለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አድምጪ እንጂ ተናገሪ ተብላ የማታውቅ ልጅ፥ በጉባኤ መካከል ተነሥታ ስለምታውቀው ነገር ስትናገር ቀና ትላለች።

ከወጣት ወንዶችም ፈርናን ቶኔ የሚባል ብርቱ ጐበዝ ወደ እሳቸው መጣ፤ ኋላም ፖል ጋርሴና ዣክ ሜርት ተጨመሩ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 በትንሹ የጀመሩት ማኅበር በ1925 የክርስቲያን ወጣት ሠራተኞች ማኅበር ሆኖ ቆመ።

የማኅበሩ ትምህርት በሦስት ቃል ይገለጣል፤ ማየት፥ መፍረድ፥ ማድረግ። ቃሉ ቀላል ስለ ሆነ ብዙዎች ያውቁታል፤ ሥራው ግን ቀላል አይደለምና በምሳሌ እንመልከተው።

በአንድ ብረት ፋብሪካ አዲስ የገባ ልጅ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል፥ ታላላቆቹ ወደ መጠጥ ቤት ወስደው ሁሉን እንዲጋብዝ ያስገድዱታል እንበል። ወጣቶቹ በሳምንቱ ጉባኤ ይህን ያነሣሉ። በመጀመሪያ የሚጠየቀው ነገሩ በውነት እንዴት እንደ ሆነ ነው። ስንት ልጆች እንዲህ ተደረጉ? ከደመወዛቸው ምን ያህል ቀረ? በዚያች ማታ እናቲቱ ምን በላች? ልማዱን የጀመረው ማን ነው፥ እምቢ ያለስ ምን ደረሰበት? ሰምቻለሁ ማለት አይበቃም፤ ሄዶ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ወንጌል ይነበባል፤ ጌታችን ታናናሾችን ስለሚያሰናክሉ ሰዎች ያስተማረው ትምህርት ከዚህ ነገር አጠገብ ይቀመጣል፤ ወጣቶቹም በዚህ ብርሃን ልማዱ ትክክል ነው ወይስ በደል ነው ብለው ይፈርዳሉ። በመጨረሻም ማን ምን ያደርጋል ይባላል። መጠጥ ከፋብሪካው ሁሉ ይጥፋ ብሎ መወሰን ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ ግን ማንንም ስለማያስገድድ ከንቱ ነው። በሚመጣው የደመወዝ ቀን አንተና አንተ ከበሩ ላይ ቆማችሁ አዲሱን ልጅ እስከ ቤቱ ትሸኙታላችሁ ቢባል ግን፥ ሥራው ታናሽ ሆኖ ድፍረት ይጠይቃል። በሚቀጥለው ሳምንትም ሸኛችሁን ወይስ ፈራችሁ ተብሎ ይጠየቃል።

ሦስቱ ነገሮች በተራቸው መሄዳቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አይቶ ብቻ የሚቀር ሰው ማጕረምረም ይለምዳል። ሳያይ የሚፈርድ ሰው ያልበደለውን ይኰንናል። ሳይፈርድ ለማድረግ የሚቸኵል ደግሞ ዛሬ አንዱን፥ ነገ ሌላውን ይዞ ይሮጣል። ወንጌል በመካከል መቀመጡንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ወጣቱ ወንጌልን የሚሰማው አስቀድሞ ልቡን የሚያስጨንቅ ነገር ይዞ ስለ ሆነ፥ ቃሉ ለርሱ የዛሬ ቃል ይሆንለታል። በሕፃንነቱ በቃሉ ያጠናው ትምህርትም አልጠፋም፤ ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ነበር፥ አሁን ሥራ አገኘ።

በዚህ ሁሉ ካህኑ ከጐን ይቀመጣል። ጉባኤውን የሚመራው ከወጣቶቹ አንዱ ነው። ካህኑ ለመሪዎቹ አስቀድሞ ልባቸውን ያሰናዳል፤ ይናዘዛሉ፤ አብረው ይጸልያሉ፤ በጉባኤው ግን ጥቂት ይናገራል። ለአስተማሪ ወገን ይህ እጅግ ከባድ ነው። መልሱን እያወቁ ዝም ብሎ ተማሪው እስኪደርስበት መጠበቅ፥ ከብዙ ሰዓት ንግግር ይልቅ ያደክማል። ሆኖም ነገሩ ለኛ አገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በንባብ ቤት የኔታ ሁሉን ልጅ ራሳቸው አያስቀጽሉም፤ ዳዊት የደረሰው ፊደል የሚቈጥረውን ያስቀጽላል፤ በማስቀጸሉም የራሱን ትምህርት ያጸናል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በንባብ ቤት ታላቁ ተማሪ የተቀበለውን ያስተላልፋል፥ በላከን ጉባኤ ግን ወጣቱ ካህኑ ሊያየው የማይችለውን ነገር ከሥራ ቦታው ይዞ ይመጣል። ካህን በመኪናዎቹ መካከል ቆሞ ስምንት ሰዓት አይውልምና፥ ያን ስፍራ የሚያውቀው በዚያ የሚውለው ብቻ ነው። ወደዚያም ሐዋርያ ሆኖ ሊላክ የሚችለው እርሱ ነው።

ማኅበሩ ያለ ተቃዋሚ አልቆመም። ከካቶሊካውያን ታላላቅ ሰዎች ብዙዎቹ፥ ወጣቶች ሁሉ በአንድ ማኅበር ይሰብሰቡ እንጂ ሠራተኞች ለብቻቸው ስለ ምን ይለያሉ፥ ይህስ ድኃን በባለጸጋ ላይ ማስነሣት አይሆንምን አሉ። ሊቀ ጳጳሱ ካርዲናል መርሲዬ ራሳቸው አመነቱ። ይህ ፍርሀት የሞኝ ፍርሀት አልነበረም፤ በዚያ ዘመን አገሮች በወገንና በወገን መካከል በሚሆን ጠብ ይናወጡ ነበርና። ነገር ግን የሠራተኛ ልጅና የተማሪ ልጅ በአንድ ጉባኤ ሲቀመጡ የሚናገረው ተማሪው ነው፤ ቃል ለምዶአልና። ሠራተኛው ዝም ይላል፤ በሦስተኛው ሳምንትም አይመጣም። ይህን ያየ ሰው የአባ ካርዳይንን ሐሳብ ሊነቅፍ ይከብደዋል። በ1925 አባ ካርዳይን ወደ ሮማ ሄዱ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛም ተቀብለው ሥራቸውን ባረኩላቸው። እኚሁ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በ1931 በጻፉት መልእክት፥ ለሠራተኞች የመጀመሪያና የቅርብ ሐዋርያት ሊሆኑ የሚገባቸው ሠራተኞች ራሳቸው እንደ ሆኑ አስተማሩ። ማኅበሩም ከቤልጂክ ወደ ፈረንሳይ፥ ከዚያም ወደ ሌሎች ክፍለ ዓለማት ተዳረሰ፤ በ1957 ከ30,000 በላይ የሆኑ ወጣት ሠራተኞች በሮማ ተሰበሰቡ።

ይህን ሥራ መምሰል የሚፈልጉ ቁምስናዎች አንዳንድ ጊዜ ቅርፊቱን ይዘው ፍሬውን ይተዋሉ። ወጣት እንዲመጣ ኳስ፥ ሙዚቃ፥ ሻይና ብስኵት ያሰናዳሉ። ጨዋታ ክፉ አይደለም፤ በቱሪን ከተማ በ19ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ የጐዳና ልጆችን በጨዋታ ሰብስበው ብዙዎችን ለደግ ሰውነት አድርሰዋል። ነገር ግን እሳቸው ለልጆቹ ሙያ አስተምረዋል፤ ከአሠሪዎቻቸውም ጋር ውል አዋውለውላቸዋል። በጨዋታ ብቻ የመጣ ወጣት ሌላ ዘንድ የሚበልጥ ጨዋታ ባገኘ ቀን ይሄዳል፤ እርሱንም መውቀስ አይቻልም፤ የተጠራው ለዚያ ነበርና። ሌላው ስሕተት ሰው መቍጠር ነው። አዳራሹ ሞላ ተብሎ ለጳጳሱ ይጻፋል፤ ከሞሉት ውስጥ ሰኞ ማለዳ በሥራው ቦታ የተለወጠ ነገር ያደረገው ማን እንደ ሆነ ግን አይጻፍም። ስምንት ወይም ዐሥር ወጣቶች በጠባብ ክፍል ተቀምጠው ስለ አንድ የተበደለ ባልንጀራቸው ቢነጋገሩ፥ ለዓይን የሚሞላ አይደለም። ብርቱ ትዕግሥት የሌለው ካህንም ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል፤ ወጣቶቹ ይሳሳታሉና፥ አንዳንዱም ተስፋ ከተጣለበት በኋላ ትቶ ይሄዳልና።

ትምህርቱ እስከ ምን ድረስ ሥር እንደ ሰደደ የታወቀው በመከራ ጊዜ ነው። አባ ካርዳይን በመጀመሪያው ጦርነት በ1916፥ አገሪቱን የያዘው የጀርመን ጦር የቤልጂክን ሠራተኞች በግድ ወደ ጀርመን ሲያግዝ ስለ ተቃወሙ ታሰሩ። በሁለተኛው ጦርነትም በ1942 እንደ ገና ታሰሩ። ከማኅበሩ ልጆች ብዙዎች በግዞት ሥራ፥ በወህኒና በሞት ተፈተኑ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል የነበሩት ፈርናን ቶኔና ፖል ጋርሴ ተይዘው ወደ ዳካው ግዞት ሰፈር ተወሰዱ፤ ሁለቱም በ1945፥ ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፥ በዚያ ሞቱ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ካህናት አልነበሩም፤ በወጣትነታቸው በቁምስና ጉባኤ ተቀምጠው ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ሲነጋገሩ ያደጉ ምእመናን ነበሩ።

በ1961 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ ስለ ሕዝብ ኑሮ በጻፉት መልእክት ማየትን፥ መፍረድንና ማድረግን ለቤተ ክርስቲያን ሁሉ መከሩ። በ1965 የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ምእመናን ሐዋርያነት ባወጣው ውሳኔ፥ ለወጣቶች የመጀመሪያ ሐዋርያት ወጣቶች ራሳቸው እንዲሆኑ አስተማረ። በዚያው ዓመት አባ ካርዳይን በ82 ዓመታቸው ካርዲናል ተባሉ። በ1967 ሞቱ፤ የተቀበሩትም በላከን፥ ነገሥታቱ በሚያርፉበት በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።